ለበዓል ማዕድ ጓዳ አሞላል፦ ከሁለት ሳምንት በፊት እስከ ዋዜማው ማታ

የበዓል ዝግጅት የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በትልቁ ዕቃ አይደለም። ሥጋ መግዛት የሚረሳ ሰው የለም። ችግሩ የሚመጣው ዋዜማ ማታ ሊጡ አልነሳ ሲል፣ ዱቄቱ ውስጥ ነቀዝ ሲገኝ፣ ድስቱ ሳይበስል ጋዙ ሲያልቅ፣ ከፍሪዘር የወጣው ሥጋ ጠዋት መሃሉ ገና በረዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። እነዚህን ሁሉ ከአሥር ቀን በፊት ማወቅ ይቻላል፤ አንድ ከሰዓት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ እዚህ ላይ ከግዢው ይልቅ ፍተሻውና ቅደም ተከተሉ ሰፋ ብለው ቀርበዋል። ደረጃዎቹን አታቀያይሩ። ምን እንደሚበስል ሳይወሰን ጓዳ አይፈተሽም፤ ጓዳ ሳይፈተሽ ደግሞ የግዢ ዝርዝር አይጻፍም።

የሚያስፈልጓችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ወንፊት፣ ክዳናቸው ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ዕቃዎች፣ ስምና ቀን ለመጻፍ ፕላስተርና ማርከር ናቸው። የፍሪጅ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙት፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ጥቅሟ ግን ብዙ ነው።

1. ሰውንና ምግቡን ቁጠሩ (ሁለት ሳምንት ሲቀር)

የሚመጣውን ሰው በስም ጻፉ። «ወደ ሃያ ሰው» የሚል ግምት ለግዢ አይሆንም። ልጆችን ለብቻ አስቀምጡና ሁለት ትንንሽ ልጆችን እንደ አንድ አዋቂ ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የማይስማማውን ጻፉ፦ ለውዝ የማይነካ፣ ወተት የማይወስድ፣ ጨው የተከለከለ፣ ስኳር ያለበት። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር ያለበት ምግብ ጨርሶ እንዳይሰጠው አስቀድማችሁ ለሁሉም ንገሩ፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

ለአንድ አዋቂ በጥሬው ይህን ያህል ያዙ፦

- አጥንት ያለው ሥጋ ከ300 እስከ 400 ግራም፣ አጥንት የሌለው 200 ግራም ገደማ
- ሩዝ ዋና ምግብ ከሆነ 80 ግራም፣ ማባያ ከሆነ 50 ግራም
- ደረቅ ጥራጥሬ ከ60 እስከ 80 ግራም
- ድንች 200 ግራም

ሩዝ ሲበስል ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፣ ደረቅ ባቄላ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ሥጋ በተቃራኒው ሲበስል ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሩዙን አብዝተው ሥጋውን ያሳንሳሉ።

በምሳሌ እንየው። አሥር አዋቂና አራት ልጆች ከሆኑ የአሥራ ሁለት አዋቂ ምግብ ነው። አጥንት ያለው ሥጋ በነፍስ ወከፍ 350 ግራም ቢያዝ 4.2 ኪሎ ይሆናል። የሥጋው ዓይነት ሁለት ከሆነ 8.4 ኪሎ አትግዙ። ሰው ከሁለቱም ይቀምሳል እንጂ ሁለት ሆድ አይኖረውም። 4.2 ኪሎውን ለሁለት ክፈሉና በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ኪሎ ጨምሩ።

አሁን ለእያንዳንዱ ምግብ አንድ አንድ ወረቀት ያዙና የሚገባበትን ሁሉ ጻፉ። ዘይቱን፣ ጨውን፣ ውኃውን ሳይቀር። ከሥሩም የሚበስልበትን ድስትና ምድጃ ጻፉ። ለአምስት ምግብ ያላችሁ ድስት ሦስት ከሆነ ይህን ዛሬ ማወቁ ይሻላል። ወይ ከጎረቤት ትበደራላችሁ፣ ወይ ቀድሞ ሊሠራ የሚችለውን ትለያላችሁ፣ ወይ ከዝርዝሩ አንዱን ትሰርዛላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ መሰረዙን እመርጣለሁ፤ በደንብ የተሠሩ አራት ምግቦች እየተሯሯጡ ከተሠሩ ሰባት ይበልጣሉ።

2. ጓዳውን ባዶ አድርጉ (አሥር ቀን ሲቀር)

በዓይን አሻግሮ ማየት በቂ አይደለም። ሁሉንም አውጡና ወለል ወይም ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የመደርደሪያውን ጥግና ስንጥቅ በደረቁ ጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ወልውሉና በደንብ እስኪደርቅ ድረስ ምንም አትመልሱበት። ርጥበት የቀረበት መደርደሪያ ሻጋታ ይጠራል።

ዕቃውን በሦስት ክፈሉ፦ ለበዓሉ የሚሆን፣ ከበዓሉ በፊት ተበልቶ ማለቅ ያለበት፣ የሚጣል። ሁለተኛውን ክፍል በሚቀጥሉት ቀናት ምሳና እራት አድርጉት። ለአዲሱ ዕቃ ቦታ የሚገኘው እንዲህ ነው።

ማሸጊያ ላይ ያለ ቀን ሁለት ዓይነት እንደሆነ አትርሱ። «እስከዚህ ቀን ድረስ ጥራቱ ጥሩ ነው» የሚለው ስለ ጣዕም ነው፤ ሩዝና ስኳር ቀኑ ስላለፈ ብቻ አይጣሉም። «ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ጤና ነው። ወተት፣ ሥጋና ዓሣ ላይ ሲሆን አትደራደሩበት።

3. አንድ በአንድ ፈትሹ (በዚያው ቀን)

ይህን ደረጃ ሰው ይዘላል፣ ዋዜማ ማታ የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው። በጥሞና ሥሩት።

ዱቄት። ሁለት ማንኪያ ነጭ ወረቀት ላይ ስስ አድርጋችሁ አንጥፉና ብርሃን ባለበት አስቀምጡት። ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ቀጭን መስመር እየተወ የሚጓዝ ነጥብ ካያችሁ ነቀዝ ገብቷል። በክዳኑ ሥርና በከረጢቱ ስፌት ላይ ድር የመሰለ ክር ከተጋገረ የብል እጭ ነው። ዱቄቱን በፌስታል ቋጥራችሁ ከቤት አስወጡ፤ አጠገቡ የነበሩትን ከረጢቶችም ሁሉ ክፈቱና እዩ። አዲስ የምትገዙትን ዱቄት በጥብቅ አሽጋችሁ 4 ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ የነቀዝ እንቁላልም ካለ ይሞታል። ስታወጡት የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቱት፣ አለዚያ ላቡ ዱቄቱን ያረጥበዋል።

እርሾ። ግማሽ ስኒ ለብ ያለ ውኃ አዘጋጁ፤ 40 ዲግሪ አካባቢ ማለትም ክንድ ላይ ጠብ ሲል ሞቅ የሚል እንጂ የማያቃጥል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አሟሙና ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ በላዩ በትኑ። መጀመሪያ ላዩ ላይ ነጠብጣብ ይታያል፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩን ይፈላል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወፍራም አረፋ ሆኖ ጉብ ይላል። እንዲህ ከሆነ ደኅና ነው። ከሥር ዘቅጦ ውኃው ድፍርስ ብቻ ከሆነ እርሾው ሞቷል፤ ተጨማሪ እርሾ ከዚያው ፓኬት ብታበዙበት ሊጡን አያነሳውም። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ውኃው ፈልቶ እንዳልነበር እርግጠኛ ሁኑ፤ ትኩስ ውኃ ጤነኛውንም እርሾ ይገድላል።

ቤኪንግ ፓውደር። ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ትኩስ ውኃ ውስጥ ጨምሩ፤ ወዲያው ካልተፍለቀለቀ ጣሉት። ቤኪንግ ሶዳ በኮምጣጤ ይፈተናል።

ቅመም። ቆንጥራችሁ በመዳፍ እሹትና አሽትቱ። ሽታው ደክሞ ከሆነ ምግቡ ውስጥም አይገኝም። ያልተፈጨ ቅመም ከተፈጨው ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ ፍሬውን ገዝታችሁ በዋዜማው ፍጩት።

ዘይትና ለውዝ። የቆየ ቀለም የመሰለ ወይም የሚመር ሽታ ካላቸው ተበላሽተዋል። አንድ ማንኪያ የተበላሸ ዘይት የድስቱን ሁሉ ጣዕም ይለውጣል፤ «ሲሞቅ ይጠፋል» ብላችሁ አትታለሉ።

ደረቅ ጥራጥሬ። ለዓመታት የተቀመጠ ባቄላ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም አይለሰልስም። አንድ እፍኝ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩና በማግስቱ ቀቅላችሁ ሞክሩት። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ሌላም ጥንቃቄ አለው፦ ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉ፣ በአዲስ ውኃ 30 ደቂቃ ሙሉ ክው ብሎ እንዲፈላ አድርጉ። ጥሬው ወይም በለብታ ብቻ የበሰለው ቦሎቄ ከባድ ትውከት የሚያመጣ ንጥረ ነገር አለው።

የታሸገ ቆርቆሮ። ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ ሲከፈት የሚፈናጠር ከሆነ ሳትቀምሱ ጣሉ። ቦቱሊዝም የሚባለው መመረዝ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ አይለይም።

ጋዝ። የባዶው ሲሊንደር ክብደት ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ መዝናችሁ ስትቀንሱ የቀረው ጋዝ ይታወቃል። ሚዛን ከሌለ ምድጃውን አጥፉና አንድ ጆግ ሙቅ ውኃ (የፈላ አይሁን) በሲሊንደሩ አንድ ጎን ከላይ እስከ ታች አፍስሱ። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ መዳፋችሁን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተታችሁ ዳስሱ። ሞቅታው አልቆ ድንገት የሚቀዘቅዝበት ቦታ ጋዙ የደረሰበት ነው፤ ፈሳሹ ጋዝ ሙቀቱን ስለሚስበው ከዚያ በታች ያለው ብረት ቀዝቃዛ ይሆናል። ከግማሽ በታች ከሆነ አስሞሉ። ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት ፈጽሞ አትፈትሹ።

ፍሪጅ። ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን አለበት። ቴርሞሜትሩን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከትታችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። በረዶ የተጋገረበት ፍሪዘር ካለ ማጽጃው ጊዜ አሁን ነው።

4. ዝርዝሩን ጻፉ

ከየምግቡ ወረቀት ላይ ድምሩን አውጡ፣ ከፈተና ያለፈውን ቀንሱ፣ የቀረው ይገዛል። ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ዱቄት ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ጨምሩ፤ ከተረፉም አይባክኑም። ቶሎ የሚበላሸው ላይ አትጨምሩ።

የሚረሱት ብዙውን ጊዜ ምግብ ያልሆኑት ናቸው፦ ክብሪት፣ ፎይል፣ የቆሻሻ ፌስታል፣ የዕቃ ሳሙና፣ ስፖንጅ፣ ሶፍት፣ ለፈሳሽ ምግብ የሚሆኑ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች፣ የመጠጥ ውኃ። ለእነዚህ ለብቻቸው አንድ ዓምድ ያዙ።

5. በሦስት ዙር ግዙ

በአንድ ቀን ሁሉን መግዛት ፍሪጅ ያጨናንቃል፣ እጅም ያደክማል።

- ከአሥር እስከ ሰባት ቀን ሲቀር፦ ደረቅ ነገር፣ የታሸገ፣ ቅመም፣ ዘይት፣ ጋዝ፣ በረዶ ሆኖ የሚቀመጥ ሥጋ
- አራት ቀን ሲቀር፦ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ እንቁላል፣ ቅቤ
- በዋዜማው ወይም አንድ ቀን ቀደም ብሎ፦ ቅጠላ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ በረዶ ያልሆነ ሥጋና ዓሣ

ሥጋና ወተት ከገበያው መጨረሻ ይገዛሉ፣ ቤት ሲደረስ ግን መጀመሪያ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ የቆየ ሥጋ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት የቆየ፣ አያስተማምንም።

6. አቀማመጡ

ደረቁን ነገር ቀዝቀዝ ያለ፣ ጨለም ያለ፣ ነፋስ ያለው ቦታ አኑሩ። ከምድጃ በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ቢቀርብም ለቅመምና ለዘይት የከፋ ቦታ ነው፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ ይጨርሳቸዋል። አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ ይሁን። የበዓሉን ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ሰብስቡና «ለበዓል» ብላችሁ ለጥፉበት፤ ቤተሰቡ ሳያውቅ እንዳይጠቀምበት።

ሽንኩርትና ድንች አብረው አይቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን ቶሎ ያበላሸዋል። ሁለቱም ከፌስታል ወጥተው ነፋስ ያግኙ። ድንች ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ክፍል ደግሞ መራራና ጎጂ ነው።

ቀድሞ ሥራ ለማቅለል ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ዘይት ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ይህን ጓዳ ውስጥ አታድርጉ። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ አራት ቀን፣ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ፍሪዘር።

ፍሪጅ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ከሁሉም በታች፣ ጎድጎድ ያለ ትሪ ላይ ይቀመጥ፤ ፈሳሹ ሰላጣ ላይ ከተንጠባጠበ ሰላጣው አይበስልምና የሚያድነው ነገር የለም። ፍሪጁን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ፣ አየሩ መዞር አለበት። ፍሪዘሩ ግን ሲሞላ ይሻለዋል። ወጥና ሾርባ በከረጢት አድርጋችሁ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አቀዝቅዙ፤ ቦታ ይቆጥባል፣ በረዶውም ቶሎ ይለቃል። የሁሉንም ስም፣ መጠንና ቀን ጻፉ።

ቀድሞ የበሰለ ምግብ በትልቅ ድስት እንዳለ ወደ ፍሪጅ አይገባም፤ መሃሉ ለሰዓታት ሙቅ እንደሆነ ይቆያል። ጥልቀታቸው ከ5 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍሉትና ከእሳት በወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስገቡት። ባክቴሪያ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሆነ ምግቡ እዚያ መሃል እንዳይቆይ ነው ጥድፊያው።

7. በረዶ ማስለቀቅ (ከሦስት ቀን ጀምሮ)

ፍሪጅ ውስጥ ለየ2 ኪሎው አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። 6 ኪሎ የሆነ ሙሉ ሥጋ ሦስት ቀን ይወስዳል ማለት ነው፤ በዋዜማው ጠዋት ማውጣት አይበቃም። የምታወጡበትን ቀን ከአሁኑ ፍሪዘሩ በር ላይ ለጥፉ።

ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። መሃሉ በረዶ እያለ ላዩ እየተበላሸ ያድራል።

8. ዋዜማ ማታ

የየምግቡን ወረቀት አውጡና ዕቃውን በየምግቡ ለይታችሁ አስቀምጡ። አሁን የጎደለ ካለ ይታያል። ጥራጥሬውን ዘፍዝፉ። ቢላዎቹን ሳሉ። ፍሪጁ ውስጥ ለተረፈ ምግብ አንድ መደርደሪያ ባዶ ተዉ። የቆሻሻውን ባልዲ ባዶ አድርጉ። ከዚያ ተኙ፤ የደከመ ሰው ጨው ሁለት ጊዜ ይጨምራል።

9. ነገር ሲበላሽ

ሥጋው በረዶ እንደሆነ ከተገኘ። ውኃ በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ውኃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ። ለግማሽ ኪሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በሙቅ ውኃ አትሞክሩት። በዚህ መንገድ የለቀቀው ወዲያው መብሰል አለበት።

መብራት ከጠፋ። በሩን አትክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራት ሲመለስ ሥጋው ላይ የበረዶ ቅንጣት ካለ መልሳችሁ ማቀዝቀዝ ትችላላችሁ።

ቤኪንግ ፓውደሩ ሞቶ ከተገኘ። በአንድ የሻይ ማንኪያ ፋንታ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ ስኒ እርጎ ተጠቀሙ፤ ከሌላው ፈሳሽ ያንኑ ያህል ቀንሱ።

ጨው ከበዛ። ድንች ቢጨመርበት ጨውን ለይቶ አይመጥም። መፍትሔው ማብዛት ነው፦ ጨው የሌለው ውኃ፣ ሽንኩርት ወይም ጥራጥሬ ጨምሩበት። ወይም ግማሹን ቀንሳችሁ ለብቻ አስቀምጡና የቀረውን አራዝሙት።

ድስቱ ከሥር ከያዘ። አታማስሉት፣ አትፋቁትም። ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ከዚያ ቅመሱ፤ የጭሱ ጣዕም ካልገባበት ተርፏል።

ሰው ከታሰበው በላይ ከመጣ። ሥጋ ፍለጋ አትሩጡ። ሩዝ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፤ የታሸገ ጥራጥሬ በሽንኩርትና በቲማቲም አንድ ሙሉ ምግብ ይሆናል። ለዚህ ሲባል አንድ ኪሎ ሩዝና ሦስት አራት ቆርቆሮ ጥራጥሬ ከሂሳቡ ውጭ ይቀመጥ።

ምግብ ከተረፈ። እንግዳ እየተጨዋወተም ቢሆን ከቀረበ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አንሡት። በተለይ ሩዝ ላይ ፍጠኑ፤ ቤት ሙቀት ላይ ሲያድር በውስጡ የሚፈጠረው መርዝ ዳግመኛ ቢሞቅም አይጠፋም። የቀረው ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ሲበላ መሃሉ እስኪያቃጥል፣ ማለትም እስከ 74 ዲግሪ ድረስ፣ ይሙቅ። ከዚያ ለበለጠ ቀን ከፈለጋችሁት በዚያው ማታ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡት።